ያልተሰነጠቀ ሽመል

ዛሬ ጠዋት ልጄ ምድጃ ውስጥ የከተተችው እርጥብ ሽመል ጫፉ ላይ አረፋ ደፍቆ «ሲስስ» ማለት ሲጀምር ዘልዬ ተነሣሁ። እሷ ደብተሯን እያየች እሳቱ ላይ አጎንብሳለች። በክንዷ ጎትቼ ደጅ ሳወጣት ከኋላችን «ጧ!» አለ።

«እማዬ፣ ማነው የተኮሰው?» አለችኝ።

ይህን ጥያቄ ከሌላ አፍ ሰምቼዋለሁ።

ከወሎ በመኪና ተጭነን መጥተን አሶሳ ስንራገፍ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አገራችን ሳለን ሽመል የምናውቀው ደርቆ፣ በሽማግሌ እጅ ሆኖ ነው። እዚህ ግን ሽመሉ፣ ቀርከሃው፣ ጫካ ነው፤ ነፋስ ሲነካው እንደ ሰው ያንሾካሽካል። ጎጆውንም፣ ትምህርት ቤት የተባለውንም ዳስ በሽመል ሠራን።

መምህራችን መነጽር ያደረገ ቀጭን ወጣት ነበር፤ እሱም እንደኛ ሳይጠየቅ የተላከ። ማስተማሪያ የሚሆን ዕቃ የለውም። አንድ ቀን ክዳን ያላት የዘይት ጣሳ ይዞ መጣ።

«ጉልበት አይፈጠርም፣ አይጠፋም። ፀሐይ ለዛፍ ሰጠች፤ ዛፍ ለእሳት ይሰጣል፤ እሳት ለውሃ። ውሃው ደግሞ ይህን ክዳን ሲያስዘልለው ታያላችሁ» አለን።

እንጨት አምጡ ሲል እኔ ቀደምኩ። ከሁሉ በልጬ ልታይ ብዬ ክንዴን የሚያህል እርጥብ ሽመል፣ ከነአንጓው፣ ሙሉውን ማገድኩት። ጭሱ እንደታጨደ ሣር ይሸት ነበር። ክዳኑ መንቀጥቀጥ ሲጀምር አጨበጨብን። ከዚያ «ጧ! ጧ!» ፍሙ ተበተነ፤ ጣሳው ተገለበጠ።

የመንደሩ ሚሊሻዎች ጠመንጃቸውን አቀባብለው ደረሱ።

«ማነው የተኮሰው?»

«ሽመል ነው፣ ጓድ። እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ ነው፤ ጉልበቱ...» አለ መምህራችን።

«ጉልበትማ እኛ እናሳይሃለን!» አለና አለቃቸው ወገቡን በሰደፍ መታው።

እኔ ነኝ ልል አፌን ከፈትኩ። መምህሬ አየኝና «እንዳትናገሪ» በሚል ራሱን ነቀነቀ። «ሂዱ ልጆች» አለ። ሄድኩ። ሮጬ ሄድኩ።

ጫካው ዳር የምትኖር አንዲት የአገሬው፣ የበርታ ሴት ጩኸቱን ሰምታ ወጥታ ነበር። የቀሚሴን ጫፍ የያዘውን እሳት በመዳፏ አጠፋችልኝ። አማርኛ እምብዛም አትችልም፤ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነበር የምትለው።

«አንተ ልጅ፣ ሽመል ሳይሰነጠቅ እሳት ይገባል? ውስጡ ውሃ አለ። በየት ይወጣል? ይሄ የኛ ሕፃን ሁሉ ያውቃል።»

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው! ሕፃን የሚያውቀውን! ያን ሁሉ ሰው አምጥተው ያሰፈሩ አለቆች አንዲት የአገሩን ሴት ጠርተው «እነዚህ ሰዎች እዚህ ለመኖር ምን ይወቁ?» አላሉም። ጠመንጃ ማምጣቱን አልረሱትም። «ሽመሉን ሰንጥቁት» የምትል አንዲት ቃል ግን ከየትም አልመጣችልንም። ኋላ ጥፋቱ የማን ሆነ? የመምህሩ።

በማግስቱ መኪና ላይ ሲጭኑት መነጽሩ አልነበረም። ወዴት እንደወሰዱት የነገረን የለም። አባቴም «ይህ ሁሉ በእጅሽ መጣ፤ ከእንግዲህ እጅሽ እርሻ ላይ ይዋል» አለኝ። ዳሱን ዳግመኛ አልረገጥኩም። ፊደል ዛሬም በጣቴ እየተከተልኩ ነው የማነበው። መምህሬ ጉልበት አይጠፋም ብሎን ነበር፤ ታዲያ የእሱ ምን ላይ ዋለ? የሚሰሙኝ ቢቆጡኝም እጠይቃለሁ።

ዛሬ ጠዋት ከልጄ ጋር ደጅ ቆመን ጭሱ ሲወጣ እያየን ነበር። ደብተሯን ከደረቷ አልለቀቀችም።

«ገባኝ፣ እማዬ» አለች ትምህርቷን አስታውሳ። «እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ ነው። ጉልበቱ ታፍኖ ቆይቶ፣ አንጓውን ሰብሮ ወጣ።»

ገጀራ አመጣሁ፤ የተረፈውን ሽመል አንጓ በአንጓ አብረን ሰነጠቅነው።

ልጄ ደህና ናት። እኔም ደህና ነኝ።