አንድ ጎማ ያለው ቃሬዛ

ስልኩን ያመጣችልኝ ዓረብ አገር ሠርታ የተመለሰች ልጄ ናት። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ ዛሬም በጣቴ እየተከተልሁ ነው የማነበው። ቪዲዮ ግን ፊደል አይጠይቅም። ከማሳ ድንጋይ የሚለቅም መኪና አየሁ። ያለ ሞተር ውሃ ሽቅብ የሚያወጣ ቱቦ አየሁ። ሠሪው በምን ቋንቋ እንደሚያወራ አላውቅም፤ እጁን ነው የማየው። የሰው ልጅ ይህን ሁሉ ሲያስብ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ምን ሳስብ ኖርሁ እላለሁ።

ታናሽ ወንድሜ ከአሱር ሰላት በኋላ እየመጣ አብሮኝ ያይ ነበር። የሱ ምርጫ ሌላ ነው። ከአህያ የሚወድቅ ሰው፣ ጭቃ ላይ የሚንሸራተት ሙሽራ፣ ከመስታወት ጋር የምትጣላ ድመት።

«ብረታ ብረትህን ተወውና የሚወድቀውን ሰውዬ አምጣው» ይለኛል።

«ሰው ሲወድቅ ምኑ ያስቃል?»

«እኔ አለመውደቄ ነዋ።»

አንድ ቀን ሁለታችንንም የያዘ ቪዲዮ መጣ። ተራራማ አገር ነው። ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ፣ ከሥሩ አንድ ጎማ ያለው ቃሬዛ ይዘው በድንጋይ መንገድ ይሄዳሉ። የተኛው ወጣት ሆዱ ላይ ውሃ የሞላ ብርጭቆ አስቀምጦ ይስቃል፤ ውሃው አይፈስም። ወንድሜ በወጣቱ ሳቀ። እኔ ጎማውን ደጋግሜ አየሁት።

እኛ አገር በሽተኛ የሚያወጣው ቅሬው ነው፤ ሌላው አገር ዕድር የሚለው። ከመንደራችን እስከ መኪናው መንገድ ያለው አቀበት በትከሻ ካልሆነ አይወጣም፤ መካነ ሰላም ሆስፒታል የሚደረሰው ከዚያ ወዲያ ነው። ድሮ ጥሪ ሲሰማ ጎረምሳው ይሻማ ነበር። ዛሬ ጎረምሳው ግማሹ ዓረብ አገር ነው፣ ግማሹ አዲስ አበባ ነው፣ የቀረው የት እንዳለ አይጠየቅም።

ስለዚህ ሠራሁት። የወደቀ ሞተር ብስክሌት የፊት ጎማ ከነሞላው አገኘሁ፤ መካነ ሰላም ያለ በያጅ ከብረት ቱቦ ጋር አያያዘልኝ። ፍሬንም አለው። ሠርቼ ለቅሬው አሳየሁ።

የቅሬው ዳኛ ዞር ዞር ብለው አዩትና «ሰው እንደ ስሚንቶ በጋሪ ሊጫን ነው?» አሉ።

«አይንገጫገጭም። ሁለት ሰው ይበቃዋል።»

«እሱ ነው ችግሩ። ሁለት ሰው ይበቃል ከተባለ ሌላው ከቤቱ ምን ያወጣዋል? ዛሬ በሽተኛ እንተዋለን፣ ነገ ሬሳ እንተዋለን።»

ያሉት ውሸት አልነበረም። ግን የሚወጣ ሰው እንደሌለ እያወቁ ነው የተናገሩት። ተናደድሁና ጎማዬን ይዤ ቤቴ ገባሁ።

በዚያው ክረምት ወንድሜን ሆዱን ያዘው። ጧት ጀመረው፣ ቀትር ላይ ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፋ። ጎማውን አቅርቤ ተነሥ አልሁት።

«አልጫንበትም» አለ።

«ለምን?»

«አገሩን ሁሉ በዚህ ትከሻዬ አውጥቻለሁ። እኔንም በትከሻ ያውጡኝ።»

«ትከሻ የለም አንተ ሰውዬ።»

«ይመጣል፤ ጥራ።»

አስጠራሁ። ውለን አደርን፤ የመጡት በማግሥቱ ጧት ነው፣ እነሱም አምስት ሽማግሎች። ዳኛው ራሳቸው ጉልበታቸው እየከዳቸው መጡ። በእንጨት ቃሬዛ አነሡት። እኔ ከኋላ ባዶውን ጎማ እየገፋሁ ተከተልሁ።

«ንፋስ ጭነህ ነው?» አለኝ አንዱ።

«እናንተን እስክጭን ነው» አልሁት።

አቀበቱ መሃል ላይ ዳኛው ተንበረከኩ። ቃሬዛው ተዘነበለ፤ ወንድሜ እንደዚያ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። ዳኛው ራሳቸው የታሰረበትን ገመድ ፈትተው ወንድሜን ወደ ጎማው አዛወሩት። አንድ ሰው ከፊት ያዘልኝ፣ እኔ ከኋላ።

ወላሂ እንዴት ሄደ! ድንጋዩን እየዋጠ፣ ሞላው ከፍ ዝቅ እያለ። ወንድሜ ከፊቴ እያቃሰተ እኔ በጎማው ደስ ብሎኝ ነበር። የሆነውን ነው የምጽፈው፤ ደስ ብሎኝ ነበር። እሱም አውቆብኛል መሰለኝ፣ ዓይኑን ገለጠና፣

«ብርጭቆ አምጣ» አለኝ።

«ምን?»

«ሆዴ ላይ አስቀምጣት፤ እንያት።»

ሳቅሁ። እሱ መሳቅ አልቻለም፤ ሆዱን አመመው።

መኪናው መንገድ ስንደርስ መኪና የለም። ቆይቶ በግ የጫነ አይሱዙ አነሣን፤ ከበጎቹ መሃል አስተኛነው። ሆስፒታል ሐኪሙ ሆዱን ዳብሶ «መቼ ነው የጀመረው?» አለኝ። ትናንት ጧት አልሁት። አንገቱን ደፋ። አንጀቱ ታጥፎ ደም አጥቷል አለ። ቀደዱት፤ የሞተው አንጀት ብዙ ነበር። ሳይነጋ ሞተ።

አስከሬኑን ይዤ ስመለስ መኪናው መንገድ ላይ አገር ሞልቶ ጠበቀኝ። የወንድ ዘር ከየት እንደመጣ አላውቅም። ጀናዛውን ለመሸከም ይጋፋሉ፤ እኔ ወንድሙ ትከሻዬን የማስገባበት ቦታ አጣሁ። ቁልቁለቱን እየተቀባበሉ፣ መሬት ሳያስነኩት አወረዱት። አንድም ጊዜ አላረፉም።

ቀብሩ ሳምንት እንዳለፈው ቅሬው ሲሰበሰብ ተነሥቼ ተናገርሁ። «ለሬሳው የመጣችሁት ለበሽተኛው መጥታችሁ ቢሆን ወንድሜ አይሞትም ነበር። እንግዲህ ጎማው ከቅሬው ድስትና ድንኳን ጋር ይቀመጥ። በሽተኛ በሱ ይውጣ፤ ሬሳውን በትከሻችሁ ተሻሙት።»

ብዙ ሰው መሬት መሬት አየ። ዳኛው ጉልበታቸውን እያሹ፣

«ይቀመጥ፤ እኔ አልከለክልም» አሉ። «ግን እርስዎ ሲታመሙ ማን ሊገፋ ነው? ወንድምዎ እንደሆን የሉም። እኔን እንዳይሉኝ።»

ሁለት ሰው ይበቃዋል ብዬ የተናገርሁ እኔ ነኝ፤ ስናገርም ሁለተኛው ወንድሜ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስልኩን የምከፍተው አንድ ሰው ብቻውን የሚገፋው ቃሬዛ ፍለጋ ነው። ባለፈው በበረዶ ላይ ሰው ተኝቶ ውሾች የሚጎትቱት አገኘሁ። አንዱ ውሻ መንገድ ላይ ተቀምጦ አልሄድም ይላል፤ ወንድሜ ቢኖር እስኪያስለው ይስቅበት ነበር። እኔ ግን አቁሜ፣ መልሼ፣ ማሰሪያው ከውሻው ደረት ጋር እንዴት እንደተያያዘ ነው ያየሁት።