ስድስት ቆርቆሮ

ዋጋዬን የሚያውቅ ሁሉ ቆጣቢ ናት ይላል። ባሏ ሽመክት የሚላትን ግን እዚህ መጻፍ ነውር ነው።

የቡሬ ልጅ ናት። እንጅባራ ገበያ ድንች መሸጥ ከጀመረች ሃያ ዓመት አልፏታል። ሳሙና በክር አራት ቦታ ትቆርጣለች፤ ያገለገለ ፌስታል አጥባ አጥር ላይ ታሰጣለች። ቤቷ ከከተማው ወጣ ብሎ በዘንገና በኩል ነው። ያን ሁሉ መንገድ ድንች በጀርባዋ አዝላ ስትሄድ ባጃጆች አጠገቧ ሲደርሱ ፍጥነት እንኳ አይቀንሱም፤ ተስፋ ቆርጠዋል።

ሽመክት ደግሞ ብር ኪሱ ውስጥ አያድርም። ከሰል አክስሎ ይሸጣል፤ የሸጠውን ዳማ የሚባለው ፈረሱ ይበላዋል። ለሚስቱ በአማርኛ፣ ለፈረሱ በአዊኛ ነው የሚያወራው፤ የፍቅር ቃሉ በሙሉ ያለው በአዊኛው በኩል ነው። እሷም ብትሆን የወደደችው ጥሊሊ ገበያ ላይ ፈረስ ሲጋልብ አይታ ነው። ፈረሱ የተውሶ እንደነበር የሰማችው ከሠርጉ በኋላ ነው።

ባለፈው ጥር ዋጋዬ ዕቁብ ደረሳት። የሳር ክዳናቸው አርጅቶ ሰማይ ያሳይ ስለነበር ብሩን ለሽመክት ሰጥታ ሠላሳ ቆርቆሮ ግዛ ብላ ከተማ ሰደደችው። የፈረሰኞች በዓል ሳምንት ቀርቶታል። ሽመክት ሲመለስ በኪራይ አህያ ላይ ስድስት ቆርቆሮ፣ ትከሻው ላይ አዲስ ኮርቻ ከነልጓሙ፣ ክንዱ ላይ በቀይ ክር የተጠለፈ የፈረስ ልብስ፣ ግላስ፣ ነበር።

«ቆርቆሮው የታለ?» አለችው።

«ይኸው ስድስት።»

«ሃያ አራቱስ?»

ሽመክት ዞር ብሎ ኮርቻውን አየ።

ስድስት ቆርቆሮ ቤት አይከድንም፤ ጋጣ ግን ይከድናል። በማግስቱ ሽመክት የዳማን ጋጣ አሳምሮ ከደነ። በበዓሉም ቀን ግላሱን አልብሶ ጋለበ፤ ሰዉ አጨበጨበለት። ዋጋዬ ቤቷ ተቀምጣ ድንች ለቀመች። አልጮኸችም፤ ሽመክትም ይቅር ያለችው መስሎት እስከ ሰኔ በሰላም ኖረ።

በሰኔ ዝናቡ መጣ። ቤት ያለ ድስት ሁሉ ለጠብታ ወለል ላይ ተደርድሮ ወጥ የሚሠራበት ጠፋ። አንድ ጠዋት ሽመክት ወደ ከሰሉ ሲሄድ ዋጋዬ ዳማን ፈትታ ወደ ቤት አስገባችውና ምሰሶው ላይ አሰረችው። ጋጣውን ጠርጋ፣ አልጋዋን ፈታትታ፣ እዚያው ገጣጠመችው። ሽመክት ሲመለስ ፈረሱ ከቤቱ በር ብቅ ብሎ ተቀበለው።

«ምን ሆነሽ ነው?» አላት።

«ምንም። ቆርቆሮ ቤት ገባሁ።»

አሥራ አንድ ቀን እንዲህ ኖሩ። ሽመክት ወለል ላይ ፍራሽ አንጥፎ ተኛ፤ ዳማ የፍራሹን ገለባ በላበት። ጎረቤት ጨው ልበደር እያለ እየመጣ ጉዱን አይቶ ይሄዳል። ዋጋዬን ያናደዳት ወሬው ሳይሆን ጨው መጠየቋ ነበር።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን የነፍስ አባታቸው ቄስ አየነው ለማስታረቅ መጡ። ዝናብ ይጥላል። መጀመሪያ ቤት ገቡ፤ ገና «በስመ አብ» እንዳሉ ጠብታ ጥምጥማቸው መሀል አረፈ። ወጥተው ወደ ጋጣው ተሻገሩና አልጋዋ ላይ ተቀመጡ። ቆርቆሮውን ቀና ብለው አዩት፤ ወለሉን በእግራቸው ዳሰሱት።

«ደረቅ ነው» አሉ። ጥቂት ቆይተው ነው የመጡበት ነገር ትዝ ያላቸው። ሽመክትን ጠሩትና ቦታ ስለሌለ በሩ ላይ ቆመ፤ ግማሹ ውጭ።

ዋጋዬ ጉዳይዋን እያስረዳች ሳለ ስልኳ ጮኸ። ማንበብ ስለማትችል፣ የድንች ነጋዴው ደግሞ ብሩን ዛሬ ባንክ አስገባልሻለሁ ብሏት ስለነበር፣ ስልኩን ለቄሱ ሰጠች። «አባ፣ ገብቶ እንደሆነ ይዩልኝ።»

ቄሱ ስልኩን ከዓይናቸው አርቀው ይዘው፣ ዳዊት እንደሚደግም ሰው፣ ከላይ እስከ ታች አነበቡት። አራት ሺህ ብር ገብቷል። ከዚያም፣ ማንም ሳያስቆማቸው፣ ቀሪ ሂሳብዎ መቶ አሥራ ስምንት ሺህ ብር ነው አሉ።



ሽመክት አልተቆጣም። ቀስ ብሎ «ዋጋዬ» አላት። «እኔስ ስድስት ገዝቻለሁ። አንቺ ስንት ገዛሽ?»

ዋጋዬ ፊቷ ነደደ። ልጅ ሳለች በረዶ አዝመራቸውን አጭዶት እናቷ የቤቱን በር ሳይቀር ነቅላ ሸጣለች፤ ያን ክረምት በር በሌለው ቤት ያሳለፈች ሰው ብር ሲከማችላት ብቻ ነው እንቅልፍ የሚወስዳት። ይህን ሁሉ ማስረዳት አቅቷት «ለክፉ ቀን ነው» አለች።

«ልጄ» አሉ ቄሱ ጥምጥማቸውን እየጨመቁ፣ «ፈረስ ቤት፣ ሴት ጋጣ ካደረች ሌላ ምን ክፉ ቀን ትጠብቂያለሽ?»

መጀመሪያ የሳቀው ሽመክት ነው። ዋጋዬ ልትቆጣው ቀና ስትል ዳማ ከቤት አንገቱን አውጥቶ የፍራሽ ገለባ ሲያመነዥክ አየችና እሷም አልቻለችም።

ዝናቡ ፋታ በሰጠ ሳምንት ቆርቆሮውን ራሷ ሄዳ ገዛች። ዋጋ አስቀንሳ አስቀንሳ ስታሰለቸው ባለሱቁ ሚስማሩን በነጻ ጨመረላት፣ እንድትሄድለት ብቻ። ሽመክትም የከሰሉን ብር እየከፈለ የዕቁቡን ሊተካላት ማለ፤ እስካሁን ሁለት ጊዜ ከፍሏል።

አሁን የሚጨቃጨቁት ስለ ቀለም ነው። ሽመክት ጣራው አረንጓዴ ይቀባ ይላል። ዋጋዬ ደግሞ ትንሽ ከታገሥክ ዝገት በነጻ ይቀባዋል ትለዋለች። ባለፈው ሳምንት እሷ ገበያ ስትውል ወደ መንገዱ የዞረውን ጎን ብቻ ቀባው። ስትመለስ ቆማ ለረጅም ጊዜ አየችው። ስንት እንደፈጀ አልጠየቀችም፤ ጎረቤት ሲያልፍ ግን ድንቿን አውርዳ ትንሽ በሩ ላይ ቆየች።