ድንቹን ለመቀስቀስ የገዛሁት አረቄ

የቄስ ልጅ ሆኜ፣ በሰኔ ጾም አረቄ የገዛሁት ለድንች ነው። እንዲህ ብዬ ብምል አገሬ አምባ ጊዮርጊስ ላይ ማን ያምነኛል?

የአባየን የድንች ዘር በሽታ ፈጀባቸው። በምትኩ ያገኙት ገና ከመስኖ ማሳ የተቆፈረ አራት ጆንያ ነበር፤ እሱም ለጥ ብሎ ተኝቷል። ዝናቡ ገባ፣ መሬቱ ታረሰ፣ ድንቹ ግን አልጎነቁልም አለ። ጎንደር የእጽዋት ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው የምሠራው፤ ጨንቋቸው ደወሉልኝ። የዓመት ቀለባቸው እኮ ነው!

«አባየ፣ ድንች ውስጥ ሆርሞን አለ፤ አንዱ ተኛ ይለዋል፣ አንዱ ተነሥ ይለዋል» አልኋቸው።

«ታዲያ ተነሥ የሚለው ምነው ዘገየ?»

ተነሥ የሚለውን ዱቄት አለቃዬን አስፈቅጄ ቁንጥር ያህል ይዤ ሄድሁ። ከደረስሁ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ፤ ዱቄቱ መጀመሪያ በአልኮል ካልሟሟ ውኃ ውስጥ አይገባም። አልኮሉን ረስቼዋለሁ! ወይ የእኔ ነገር! ነጠላዬን ተከናንቤ አረቄ ሻጯ ቤት ገባሁ። ከጠጪዎቹ አንዱ የአባየ ጎረቤት ነበር።

ለአባየ አልነገርኋቸውም። ዱቄቱን በአረቄው አሟሟሁት፣ ውኃ ጨመርሁበት፣ ድንቹን ነክሬ አደረቅሁት። ከዚያ በየቀኑ ጆንያ እየፈታሁ ማሽተት ሆነ ሥራዬ። ቢበሰብስስ? መጠኑን አብዝቼው ከሆነስ?

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ያ ጎረቤት ሰው በተሰበሰበበት፣ «አባ፣ ልጅዎ ጾሙን በአረቄ ያዘችው» አለ።

አባየ ዘወር ብለው እንኳ አላዩኝም። «የላክኋት እኔ ነኝ» አሉ።

የዚያኑ ቀን ንስሐ አባታቸው ዘንድ ሄደው መዋሸታቸውን ተናዘዙ። ለሁለት ሳምንት፣ በየቀኑ አርባ ስግደት ታዘዘባቸው። በዚያ ጉልበታቸው!

ማታ አረቄው ለድንቹ እንደሆነ ነገርኋቸውና፣ «እውነቱን ለሰዎቹ ልንገራቸው» አልሁ እያለቀስሁ።

«ድንቹ ከተነሣ ትነግሪያቸዋለሽ። ካልተነሣ ማን ያምንሻል?»

ድንቹን በነከርሁ በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት አንዱን ጆንያ ስፈታ ድንቹ ዓይን ላይ የስንዴ ፍሬ የምታህል ሐምራዊ ጉንቁል አየሁ። ሌላውን አነሣሁ፣ እሱም ጎንቁሏል። የቀሩትን ሦስቱንም ጆንያ ፈታሁ፤ ሁሉም ተነሥቷል። እልል ማለት አምሮኝ አፌን ያዝሁ፤ አንዱን ድንች ይዤ ወደ ጓሮ ሮጥሁ።

አባየ እየሰገዱ ነበር፤ ግንባራቸው ጭቃ ሆኗል። ቀና ብለው ድንቹን አገላብጠው አዩት፣ ዓይናቸው ዕንባ አቀረረ።

«ሸጋ ነው» አሉና መለሱልኝ። «ቆይ እንግዲህ፣ ዘጠኝ ስግደት ይቀረኛል።»