ብረት የለበሰው ዳቦ ጋጋሪ ጀርባ

ሰፈሩ ሁሉ «ምድጃው» ነው የሚለው። እናቱ ያወጣችለት ስም ነበረው፤ በዚያ ብትጠሩት ግን ዞር ብሎም አያያችሁም። «ምድጃው!» ካላችሁት ከመንገዱ ማዶ እየሮጠ ይመጣል። ዕድሜውን ሙሉ ዳቦ ጋጋሪ ነው። እጀታው ረጅም በሆነ የእንጨት መዘርጊያ ዳቦውን ወደ እሳቱ አፍ ሲያስገባና ሲያወጣ የኖረ ሰው ስለሆነ፣ ሙቀት ምን ያደርገኛል ባይ ነው። ፀሐይዋ አናት ስትበሳ፣ ሰው ሁሉ ጥላ ጥላውን ሲል፣ እሱ እጁን ኪሱ ከቶ መሀል መንገድ ላይ እየተንጎማለለ፣ «ይቺ ደግሞ ፀሐይ ሆና ነው? የእኔ ምድጃ ለቁርስ ያደርጋታል» ይላል።

ይኸው ሰው ፀጉሩ ከፊት ገባ ገባ ማለት ከጀመረ በኋላ፣ ምን እንደነካው እንጃ፣ ብረት ለብሶ መዋጋት ጀመረ። አዎ፣ ብረት! ከሰፈሩ ጋራዥ ጀርባ ባለው ሜዳ በየእሑዱ የሚሰበሰቡ ሰዎች አሉ። እንደ ጥንት ጦረኛ ደረታቸው ላይ ጥሩር ታጥቀው፣ አናታቸው ላይ የራስ ቁር ደፍተው፣ ስለት በሌለው ሰይፍ ይቀጣቀጣሉ። ስፖርት ነው፣ ሕግም ዳኛም አለው። ድምፁ ግን አንድ ሱቅ ሙሉ ድስት ከደረጃ ላይ ሲንከባለል ማለት ነው። ምድጃው አንድ ቀን ዳቦ ሊያደርስላቸው ሄዶ ቆሞ አየ፤ አየና እዚያው ቀረ። ብዙም ሳይቆይ የጋራዡን ቀጥቃጭ ለምኖ የራሱን ጥሩር አሠራ። ሚስቱ ለጎረቤቷ፣ «የሌላው ሰው ባል በዚህ ዕድሜው ሴት ይለምዳል፣ የእኔው ቆርቆሮ ለመደ። ተመስገን ነው» አለች።

ልጁ ሚጣ መጀመሪያ ሆዷን ይዛ ሳቀችበት። ሚጣ ተባለች እንጂ አባቷን በአንድ ራስ ትበልጠዋለች፤ ማተሚያ ቤት ውስጥ ወረቀት ስትቆርጥ የምትውል፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ እጇ የማይደክም ልጅ ናት። አንድ እሑድ አባቷን ልትሸኝ ሄዳ፣ «እስቲ ያንን ነገር አውሱኝ» ብላ ሰይፍ ጨበጠች፤ ከዚያ በኋላ አባትና ልጅ አብረው ብረት ለባሽ ሆኑ። ሕልሟም አንድ ብቻ ሆነ፤ በበጋው መሀል፣ ሙቀቱ በሚጠናበት ጊዜ የሚደረገው የጥንድ ግጥሚያ። ሁለት ለሁለት ነው የሚገጠመው። ሌሎቹ ሁሉ ጥንድ ጥንዳቸውን ይዘው ስለነበር ለሚጣ የቀራት አባቷ ብቻ ነበር። እሷም ሌላ አልፈለገችም። «አባዬ፣ እኔ ከፊት አንተ ከጎን። ማን ይችለናል?» ትላለች። እሱም ይህን በሰማ ቁጥር ያን ዕለት የሚጋግረው ዳቦ ራሱ ከወትሮው አብልጦ የሚነፋ ይመስለዋል።

ችግሩ የጀመረው ያኔ ነው። ልምምዱ ሲበረታ፣ ፀሐይዋም ስትበረታ፣ የምድጃው ጀርባ ችፍ አለ። ከጥሩሩ ሥር የሚለበስ ጥጥ የተሞላ ወፍራም ጃኬት አለ፤ ብረቱ አጥንት እንዳይሰብር የሚከላከል። በዚያ ላይ ብረት፣ ከብረቱ በላይ ፀሐይ። አንገቱ ዙሪያ፣ ብብቱ ሥር፣ ከወገቡ በላይ ቀያይ ፍንጣሪ ተዘራበት፤ ልክ ሰሊጥ እንደተነሰነሰበት ዳቦ። ያሳክካል፣ ይለበልባል። ሥራ ቦታ መዘርጊያውን ያቆምና በእጀታው ጫፍ ጀርባውን ሲፍቅ ባልደረቦቹ፣ «ጋሼ ምድጃ፣ ዛሬ ዳቦው ውስጥ ምን ልታስገባብን ነው?» ይሉታል።

ማሳከኩን እንኳ ይችለው ነበር። ያስፈራው ሌላ ነው። የግጥሚያው ዳኛ እሜቴ ፊሽካ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የስፖርት አስተማሪ ናቸው፤ ፊሽካቸውን ከአንገታቸው አውልቀውት አያውቁም። የእሳቸው ሕግ አይታጠፍም። ከግጥሚያ በፊት ሁሉም አንገቱንና ጀርባውን ያሳያል፤ ቆዳው የቆሰለ ወይም በሽፍታ የተቆጣ ሰው ሜዳ አይገባም። በጥንድ ግጥሚያ ደግሞ አንዱ ከተከለከለ ሌላውም አብሮ ይቀራል። የእሱ ጀርባ ካልዳነ ሚጣም ተመልካች ሆና ቀረች ማለት ነው።

ታዲያ ምድጃው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ለሐኪም አልተናገረም፣ ለሚስቱ አልተናገረም። በሙያው አሰበ። ሊጥ የመጋገሪያውን ቆርቆሮ እንዳይዝ ምን ይደረጋል? ቆርቆሮው ቅባት ይቀባል። እንግዲያው ቆዳዬ ብረቱ ሥር እንዳይላላጥ ቆዳዬን ቅባት ብቀባውስ? ብሎ፣ ከዳቦ ቤቱ የቆርቆሮ መቀቢያ ቅባት በጣሳ ይዞ መጣና መታጠቢያ ቤት ገብቶ ከአንገቱ እስከ ወገቡ ተለቀለቀ። ለልምምድ ወጣ። ሲመለስ ሰሊጡ እጥፍ ሆኗል። ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ቅባቱ አነሰ! በማግስቱ ጨምሮ ተቀባ።

የያዘችው ሚስቱ ናት። አንሶላውን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተችና፣ «አንተ ሰውዬ፣ አልጋችን ለምንድን ነው ኬክ ኬክ የሚሸተው?» አለችው። ሸሚዙን ገልባ ጀርባውን ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ውይ በሞትኩት! ተነሥ፣ አሁኑኑ እህትህ ዘንድ!»

ታላቅ እህቱ የጤና ጣቢያው የሕፃናት ክፍል ነርስ ናት። ምድጃው ሕፃን ባቀፉ እናቶች መሀል፣ ጉልበቱ አገጩን በሚነካበት አጭር አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ተራውን ጠበቀ። አንዲት እናት፣ «የእርስዎስ ልጅ የት አለ?» አለችው። «እኔው ነኝ» አላት።

እህቱ ጀርባውን ስታይ አልደነገጠችም፤ ሳቋ ነው የመጣው።

«ወንድምዬ፣ ይኼን እኔ ጠዋት ማታ ነው የማየው። በሦስት ወር ልጅ ላይ!»

«እትዬ፣ ድምፅሽን ቀንሺ፣ እናቶቹ ይሰማሉ።»

«ይስሙ። የልጆቻቸው በሽታ ነው የያዘህ። በሙቀት ሰው ሲጠቀለል ላቡ መውጫ ያጣና ቆዳው ሥር ታስሮ ይቀራል። ሕፃኑን እናቱ በብርድ ልብስ ትጠቀልለዋለች፣ አንተ ራስህን በብረት ጠቀለልክ። ቆይ፣ ይኼ የሚያብለጨልጨው ምንድን ነው?»

«ቅባት ነው። የቆርቆሮ።»

«የምን?»

«የዳቦ ቆርቆሮ። እንዳይዝ…»

«መውጫ ያጣው ላብ ላይ ክዳን ደፋህበት! እስቲ ንገረኝ፣ እሳት ፊት ስትቆም ምንድን ነው የምትለብሰው?»

«ስስ ካናቴራ።»

«እዚያ ይኼ ወጥቶብህ ያውቃል?»

«ኧረ በጭራሽ» አለ ምድጃው። ቀጥሎ ግን አንድ ነገር ትዝ አለውና፣ «ያንን የሕፃን ገላ ዱቄት፣ ፓውደሩን ብነሰንስበትስ?» አለ።

«ዱቄትና ላብ ሲገናኝ ምን ይሆናል?»

«ሊጥ!» አለ፣ በሙያው ስለተጠየቀ ፊቱ በርቶ።

«በል እሱን አስብ። በቀዝቃዛ ውሃ ታጠብ፤ በፎጣ አትፈግፍገው፣ ቀስ ብለህ እያስነካኸው አድርቀው። ቅባት የለም፣ ዱቄት የለም፣ መፋቅ የለም። ሰፋ ያለ ስስ የጥጥ ካናቴራ ልበስ፤ በላብ ሲረጥብ ወዲያው ቀይር። ያንን ወፍራም ጃኬት እጠቡትና በደንብ ይድረቅ። ውሃ ጠጣ። ብረቱን እስኪሻልህ ድረስ አትንካው። ከዳንክ በኋላም ዕረፍት ባገኘህ ቁጥር አውልቀህ ጥላ ሥር ተቀመጥ፣ ቆዳህ ይተንፍስ። ካልተሻለህ ወይም መግል ከያዘ ግን ሐኪም ነው የሚያይህ፣ እሺ?»

«እሺ እትዬ» አለ፣ እንደ ሕፃን።

ቤቱ በአንድ ቀን የሕፃን ቤት መሰለ። ሚስቱ ያንን ጃኬት ዘፍዝፋ ውሃው ተቀይሮ ተቀይሮ አልጠራ ሲላት፣ «ይኼ ጃኬት አፍ ቢኖረው ፖሊስ ይጠራ ነበር» አለች። ምድጃው እየታጠበ፣ እጁን ዘርግቶ መስኮቱ ጋ ቆሞ እየደረቀ፣ ካናቴራ እየቀየረ ሰነበተ። ልምምዱ ግን አልቀረም። ጠዋት ጠዋት፣ አየሩ ሳይሞቅ፣ አባትና ልጅ ያለ ብረት በመጥረጊያ እንጨት ግቢ ውስጥ ይጋጠማሉ፤ ሚስቱ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ትዳኛለች። ዳኝነቷ ለልጇ ያደላል ብሎ ምድጃው ቢከስም፣ «ይግባኝ ካለህ ለእናትህ በል» ትለዋለች። ቀስ በቀስ ሰሊጡ ረገፈ፤ ከአንገቱ ሥር ጥቂት ፈዘዝ ያለ ምልክት ብቻ ቀረ።

የግጥሚያው ቀን ደረሰ። ፀሐይዋ ቂም የያዘች ይመስል ገና በጠዋቱ ሜዳው ላይ ተኮፍሳለች። እሜቴ ፊሽካ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ ገፍተው የምድጃውን አንገት መረመሩ። ሚጣ ከጎን ቆማ አብራቸው ታጮልቃለች።

«ይኼ ምንድን ነው?» አሉ እሜቴ ፊሽካ።

«የዳነ ነው፣ እሜቴ።»

«የዳነ ነው ወይስ የተኛ?» በጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት። «ግቡ። ግን በየዕረፍቱ አየዋለሁ። ቀልቶ ካገኘሁት ሁለታችሁም ወጣችሁ።»

የመጀመሪያውን ግጥሚያ በቀላሉ አሸነፉ። ዕረፍት ሆነ፤ ፈተናውም መጣ። በዚያ ሜዳ አንድ የቆየ ልማድ አለ፤ ግጥሚያው ሁሉ ሳያበቃ ብረት አይወልቅም። ያወለቀ እጅ እንደሰጠ ነው የሚቆጠረው። ሕግ አይደለም፣ ግን ከሕግ ይብሳል። ጥሩሩ ደግሞ ዘለበቱ ከጀርባ ስለሆነ ሌላ ሰው ካልፈታው አይፈታም፤ ማለትም «ፍቱልኝ» ብሎ በሰው ፊት መናገር ያስፈልጋል። ምድጃው ጥላው ሥር ብረቱን እንደለበሰ ቁጭ አለ። ጀርባው ላይ የምታውቁት ነገር መሞቅ፣ መርመስመስ ጀመረ።

«አባዬ፣ ዙርልኝ፣ ልፍታልህ» አለች ሚጣ።

«ትንሽ ቆይ። ሰው ምን ይላል?»

«ሰው የፈለገውን ይበል። እኔ ዛሬ መጫወት ነው የምፈልገው፣ አባዬ። ካንተ ጋር።»

አያት። ላቧ ከግንባሯ ይንጠባጠባል፣ ዓይኗ አባቷ አንገት ላይ ነው። ምድጃው ዞሮ ጀርባውን ሰጣት። ዘለበቶቹ ሲፈቱ ሜዳው ሁሉ ዞሮ አየ። ጥሩሩ ወለቀ፣ ጃኬቱ ወለቀ፣ የራሰው ካናቴራ ወለቀ። ሚስቱ እርጥብ ጨርቅ አንገቱ ላይ ጣል አድርጋ በካርቶን ታራግበው ጀመር። ሳቁ ከዳር እስከ ዳር ተያያዘ።

አምና ያሸነፈው ባለልኳንዳው፣ ከወንድሙ ጋር ፀሐይ ላይ ደረቱን ነፍቶ እንደተቀመጠ፣ «ምን ነው ምድጃው፣ እሳቱ ጠፋ እንዴ?» ብሎ ጮኸ።

«አልጠፋም!» አለ ምድጃው፣ ደረቅ ካናቴራ እያጠለቀ። «አየር እያስገባሁለት ነው። አየር ሲያገኝ ምን እንደሚሆን ታያለህ!»

አሁን ሳቁ ወደ እሱ አደላ። ሚጣም የራሷን ብረት አውልቃ ከጎኑ ተቀመጠች። እሜቴ ፊሽካ መጥተው አንገቱን አዩ፣ «እህ» ብቻ ብለው ሄዱ። ቀጣዩን ግጥሚያ አሸነፉ፤ ማውለቅ፣ ማራገብ፣ መቀየር፤ «እህ»። ሌላውንም አሸነፉ፤ «እህ»። እናም ከባለልኳንዳው ወንድማማቾች ጋር ለመጨረሻው ግጥሚያ ተፋጠጡ።

ባለልኳንዳው ጉልበተኛ ነው፤ አንዴ በጋሻው ገፍቶ ምድጃውን ከሜዳው ዳር ሊያደርሰው ምንም አልቀረው። ወንድሙም ሚጣን ትከሻዋን በሰይፍ አግኝቷት ነጥብ ያዘ። እየተጋጋሉ ሳለ ግን ባለልኳንዳው እንግዳ ጭፈራ ጀመረ። ትከሻውን ያወዛውዛል፣ ወገቡን ያጣምማል። ወደ ኋላ አፈገፈገና ከሜዳው ዳር ያለው እንጨት ላይ ጀርባውን ያሽ ጀመር። ተመልካቹ ታክቲክ መስሎት አጨበጨበ። ምድጃው ግን ያቺን ጭፈራ በደንብ ያውቃታል!

«ሚጣዬ፣ አሁን ነው!»

ሚጣ ወንድምየውን አልፋ እንደ ነፋስ ገባች። ባለልኳንዳው ጋሻውን ጥሎ በሁለት እጁ ጀርባውን ሲፈልግ ሰይፏ ጥሩሩ ላይ ቋ! አለ። አንዴ። ዞራ ደገመችው፤ በሁለት ነጥብ አሸነፉ። የእሜቴ ፊሽካ ፊሽካ ሜዳውን ሰነጠቀው፤ ከራሳቸው አልፈው፣ «ጎበዝ የእኔ ልጅ!» ሲሉ ተሰሙ፤ ወዲያው ጉሮሯቸውን ጠርገው ዳኛ ሆኑ።

ባለልኳንዳው ሣሩ ላይ በደረቱ ተዘረጋ። «ፍቱልኝ! ሰዎች፣ ፍቱልኝ!» ምድጃው ሮጦ ዘለበቱን ፈታለት። ከሥሩ ጀርባው ቀይ ሆኗል።

«እከክልኝ በናትህ!»

«አይታከክም! እህቴ ትገድለኛለች» አለና ቀዝቃዛ ውሃ አንገቱ ላይ አፈሰሰለት። ባለልኳንዳው «እሰይ፣ እሰይ» እያለ ሲያቃስት፣ ዙሪያውን የቆሙት ብረት ለባሾች አንድ በአንድ፣ ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ፣ «እስቲ እኔንም ፍታኝ» እየተባባሉ ጀርባቸውን ይሰጣጡ ጀመር።

ወደ ቤት ሲመለሱ ብረቱን በጋሪ እየገፉ ነው። ሚስቱ ዋንጫውን ሕፃን እንደያዘ ሰው ታቅፋዋለች። ሚጣ መንገዱን ሙሉ ስትዘል፣ ያቺን የመጨረሻ ምት በአየር ላይ ስትደጋግም ቆየችና ድንገት ቆመች።

«አባዬ፣ ለነጠላው ግጥሚያም ተመዝግቤያለሁ።»

«ጎሽ! እኔም ተመዝግቤያለሁ።»

«አውቃለሁ። የመጀመሪያው ዕጣ የደረሰን እርስ በርስ ነው።»

ምድጃው ጋሪውን አቆመ። «ምን? እኔ? ልጄን በሰይፍ ልመታ? በጭራሽ አላደርገውም!»

«ማን ትመታኛለህ አለህ?» አለች ሚጣ፣ ጋሪውን ከእጁ ተቀብላ ቁልቁለቱን እየሮጠች።

አባትየው ከኋላዋ እየሳቀ፣ እየተራገመ፣ እየኮራ ሮጠ።