ሳይሰለፉ የታሰሩት እትዬ

መጀመሪያ የተሰማኝ ብርዱ ነው። ውጪ የላስ ቬጋስ ፀሐይ አስፋልቱን ያቀልጠዋል፤ የታሰርንበት ክፍል ግን የሥጋ ማቀዝቀዣ ይመስላል። ዘጠኝ ሴቶች ማስካችንን እንዳደረግን የሲሚንቶ አግዳሚ ላይ ተኮራምተናል።

የኮሮና ዓመት ነበር፣ ሆቴሎቹ እንደገና በተከፈቱ ሰሞን። አብሮኝ ክፍል የሚያጸዳ ጓደኛዬ ከሺፍት ወጥቶ ከወንድ ፍቅረኛው ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲሄዱ ያዩ ሰዎች ፓርኪንግ ውስጥ መንጋጋውን ሰበሩት። ለእሱ ብለን ስትሪፕ በሚባለው የካዚኖዎች ጎዳና ላይ ሰልፍ ወጣን። ተበተኑ ተባልን፤ አልተበተንም፤ ታፈስን።

ጥግ ላይ የተቀመጡ አንዲት ትልቅ ሴት ትክ ብለው አዩኝ።

«አንቺ፣ ኳየር ውስጥ የምትዘምሪው አይደለሽም? ዓይንሽን አውቀዋለሁ።»

ደነገጥኩ። የቤተክርስቲያናችን የጸሎት ቡድን መሪ ናቸው። ቤተክርስቲያን ደግሞ ሰልፍ መውጣቴን የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

«እትዬ! እርስዎ እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

«እኔ ምን አውቄ! አውቶቡስ እየጠበቅኩ ፀሐዩ አናቴን ሲበሳው፣ ይቺ ፀጉሯን ወይን ጠጅ የቀባችው ልጅ ካርቶን ሰጠችኝ። ተባረኪ ብዬ ጥላ አደረግሁት። ከዚያ ፖሊስ መጣ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «መነጽሬን አልያዝኩም ነበር። ምን ይላል ጽሑፉ?»

«‹ጌይ ወንድሞቻችንን አትግደሉ› ነው የሚለው።»

«ጌታ ሆይ!» አሉ። መዳፎቻቸውን ዘርግተው እያዩ፣ «በሁለት እጄ እኮ ነው ከፍ አድርጌ የያዝኩት!»

«አዎ። ቴሌቪዥንም ቀርጾዎታል።»

«ፀጉሬስ ደህና ነበር?»

ሳቄን ለማፈን ጉንጬን ነከስኩ።

ሳንድዊች ሲታደል እትዬ ተነሥተው ባረኩ። ለሕሙማን ጸለዩ፣ ለፖሊሶቹ ጸለዩ፣ በሥራ ቦታ ለሚያስቸግራቸው ሱፐርቫይዘርም ጸለዩ። አማርኛ የማትሰማው ባለ ወይን ጠጅ ፀጉሯ ልጅ በየመሐሉ ኤሜን ትላለች።

«ጥሩ ልጅ ናት» አሉኝ ሲቀመጡ። «ብታሳስረኝም።»

ከዚያ ስለ ጓደኛዬ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

«አሁን እንዴት ነው የሚበላው?»

«በስትሮ። ፈሳሽ ብቻ።»

ሳንድዊቻቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ከዚያ በኋላ አልነኩትም።

ወዲያው አንዲት ፖሊስ ቅጽ ይዛ መጣች። አውቶቡስ ጠባቂ እንደነበሩ ተረጋግጧል፤ ከሰልፈኞቹ ጋር አልነበርኩም ብለው ይፈርሙና ይሂዱ፣ አለች። ተረጎምኩላቸው።

«አልነበርኩም፤ መዋሸት አልችልም» አሉ። እስክሪብቶውን ተቀብለው ቆም አሉ። «ግን ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ልክ ነው ብለሽ ከሥሩ ጨምሪልኝ።»

ፖሊሷ ቅጹ ላይ ምንም መጨመር አይቻልም አለች።

«እንግዲያው እቀመጣለሁ።»

«እትዬ፣ በሩ እኮ ተከፍቶልዎታል!»

«አየሁት። እቤት ኤሲዬ ተበላሽቷል፤ እዚህ ይሻላል» አሉና እስክሪብቶውን መልሰው፣ ጉልበታቸውን እያሻሹ ከእኔና ከባለ ወይን ጠጅ ፀጉሯ ልጅ መሐል ገብተው ተቀመጡ። በብርዱ ጥርሳቸው ይንገጫገጭ ነበር። ሲመሻሽ ሁላችንም አንድ ላይ ተፈታን።

ከእትዬ ጋር እስከ ዛሬ በብዙ ነገር አንስማማም። መጽሐፍ ቅዱስ አውጥተው ይከራከሩኛል፤ እኔም አልለቅም፤ አንዳንዴ ተኮራርፈን እንለያያለን። ስለዚያ ቀን ሰው ሲጠይቃቸው ግን፣ በስህተት ነው የታሰርኩት ሲሉ ሰምቻቸው አላውቅም።