ማርሻሉ ሙኒክ የሄዱ ጊዜ

ጋሽ ሰይፈሥላሴ ጀርመንን የወደዷት ሳያዩዋት ነው። ለንደን ስትሪትሃም ካለው ቤታቸው ሶፋ ላይ ሆነው ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሚተርክ ፊልም ለዓመታት ሲያዩ ከመኖራቸው የተነሳ፣ ጦርነቱን ራሳቸው የመሩት ይመስላቸዋል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሻይ ሲቀርብ፣ ስኒውን ታንክ፣ ሳህኑን ሩሲያ አድርገው ያስረዳሉ። መደምደሚያቸው ግን ሁልጊዜ ወደ አገር ቤት ይመለሳል።

«ጀርመን ሥርዓት ያውቃል! የኛ ሕዝብ ግን ያለ አለንጋ አይሄድም። አንድ ቆፍጣና ሰው መጥቶ ቀጥ ቢያደርገን የት በደረስን!»

እዚህ ላይ ሲደርሱ ባለቤታቸው ወይዘሮ ኤልፍነሽ ተነሥተው ሳህን መሰብሰብ ይጀምራሉ።

ጋሽ ሰይፈሥላሴ ባተርሲ ውስጥ ባለ አንድ ሆቴል የጽዳት ሱፐርቫይዘር ናቸው። ክፍል ቼክ ሲያደርጉ ጣታቸውን በበሩ አናት ላይ ያሻሉ፤ አንሶላው ትንሽ ከተጨማደደ አልጋውን ሙሉ በሙሉ ገፈው መሬት ይጥሉታል። ክፍል የሚያጸዱት ሴቶች ፊት ለፊት «ጋሽ ሰይፌ»፣ ዞር ሲሉ «ማርሻሉ» ይሏቸዋል። አንድ ቀን ኤርትራዊቷ ሉቺያ ያንኑ አልጋ ደጋግማ ካነጠፈች በኋላ፣ «ጋሽ ሰይፌ፣ እንግዳው ሊተኛበት ነው ወይስ ሊሳለመው?» ብላ ጠየቀቻቸው። ሳምንቱን ሙሉ ሽንት ቤት መደቧት።

ስድሳ ዓመት ሲሞላቸው ልጃቸው እሌኒ ለሁለቱም የሙኒክ ትኬት ገዛችላቸው። «ዳዲ፣ ሁልጊዜ ከምታወራልን ጀስት ሂድና እየው» አለቻቸው። ጉዞው ፍልሰታ ጾም ላይ ዋለ።

«ታዲያ እዚያ ምን ልትቀምስ ነው?» አሉ ወይዘሮ ኤልፍነሽ።

«ቢራ እኮ ገብስና ውኃ ነው። የጾም ነው።»

ሙኒክ እንደ ደረሱ በቀጥታ ወደ አንድ ትልቅ ቢራ አዳራሽ ገቡ። ጥሩምባው ይነፋል፤ አስተናጋጇ ባለ አንድ ሊትር ብርጭቆዎቹን በሁለት እጇ እንደ ችቦ እስር ታቅፋ ታመጣለች። ጋሽ ሰይፈሥላሴ ሁለተኛውን ሊትር እንደ ጨረሱ ቋሊማ አዘዙ።

«ቋሊማውም ገብስ ነው?»

«የአገሩን ባህል ማክበር ነው፣ ኤልፍነሽ።»

ላባ የተሰካበት አረንጓዴ ባርኔጣም ገዙ። ሰዉ አግዳሚ ወንበር ላይ ቆሞ ሲዘፍን እሳቸውም ወጡና የማያውቁትን ዘፈን መጨረሻ መጨረሻውን እየጠበቁ ጮኹ። «አየሽ፣ ስካራቸው እንኳ በሥርዓት ነው!» አሉ። ባርኔጣቸው በዚያን ጊዜ የሌላ ሰው ሾርባ ውስጥ ነበር።

በማግሥቱ እሌኒ ያስያዘችላቸው የዳካው ጉብኝት ነበር፤ ናዚዎች ሰው ያጎሩበት የነበረው ካምፕ። ጋሽ ሰይፈሥላሴ ራሳቸውን እየፈለጣቸው፣ ባርኔጣውን ደፍተው፣ አስጎብኚዋን ሊያግዙ ተዘጋጅተው ሄዱ። ወጣቷ ጀርመናዊት ገና መናገር ስትጀምር ስለ ታንክ ጨመሩላት። «እዚህ ታንክ አልነበረም» አለቻቸው በትሕትና።

እስረኞቹ ይተኙበት የነበረውን ለማሳየት ወደ ተሠራው አምሳያ ቤት ገቡ። ተደራራቢው የእንጨት አልጋ ዳር እስከ ዳር ተደርድሯል።

«ተመልከቺ፣ በገመድ የተለካ ነው የሚመስለው! ለሆቴሉ ሴቶች ነው የማሳያቸው» ብለው ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ ማንሳት ጀመሩ።

አስጎብኚዋ ቀጠለች። እስረኞች የገለባ ፍራሻቸውን እንደ ሣጥን ቀጥ አድርገው ማንጠፍ ነበረባቸው አለች። ትንሽ የተጨማደደ ከተገኘ ይገረፋሉ። ሰው የሚሰበረው በዚያ ነበር።

ስልኩ ቀስ ብሎ ወረደ። «ግን... ወንጀለኞች ናቸው አይደል?» አሉ በእንግሊዝኛ።

«መጀመሪያ የገቡት መንግሥትን የተቃወሙ ጀርመኖች ናቸው። ኋላ ቄሶች፣ አይሁዶች፣ ከብዙ አገር የመጡ ሰዎች። አንዳንዱ ጥፋቱ መናገሩ ብቻ ነበር።»

«ሰማህ?» አሉ ወይዘሮ ኤልፍነሽ በአማርኛ። «አንተ በመጀመሪያው ሳምንት ነበር የምትገባው።»

ጋሽ ሰይፈሥላሴ ሊስቁ ሞከሩ። ወይዘሮ ኤልፍነሽ አልሳቁም፤ አልጋውን እያዩ ነበር።

«ጊዲዮንን የወሰዱት ጊዜ በሩን አንኳኩተው ነው የገቡት። እናቴን እንደምን አመሹ አሏት። የጫማውን ማሰሪያ እስኪያስር ጠበቁት። ሥርዓት ነበራቸው።»

ጊዲዮን በቀይ ሽብር የተወሰደ የወይዘሮ ኤልፍነሽ ታላቅ ወንድም ነው። ፎቶው ስትሪትሃም ቤት ከቴሌቪዥኑ በላይ ተሰቅሏል። ጋሽ ሰይፈሥላሴ ያን ሁሉ ጦርነት ያዩት ከእርሱ ፊት ለፊት ተቀምጠው ነው።

ባርኔጣቸውን አወለቁ። የት እንደሚያደርጉት ጠፍቷቸው ከኋላቸው ደበቁት። 

ለንደን በተመለሱ በመጀመሪያው እሑድ፣ ከዌምብሊ የሚመጣው ወዳጃቸው ኪዳኔ፣ «እህ፣ ሥርዓቱስ እንዴት ነው?» አላቸው።

«ቢራው ጥሩ ነው» አሉና ሻያቸውን ጠጡ። ኪዳኔ ታመዋል ብሎ ለሰው ሁሉ ነገረ።

መልአክ ሆኑ ማለት ግን አይደለም። የበሩን አናት ዛሬም ያሻሉ፤ አልጋ መግፈፉን ብቻ ነው የተዉት። እሱንም ሉቺያ «እርጅና ነው» ትላለች። ወር ሳይሞላም ስለ አምባገነኖች ክፋት ማስተማር ጀመሩ፤ የሚሰማቸው ሰው ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲቃወሙ የኖሩ ይመስለዋል።

በጥቅምት ወይዘሮ ኤልፍነሽ ለወንድማቸው ለጊዲዮን መታሰቢያ አደረጉ። አስከሬኑ ስላልተገኘ ቤተሰቡ ደረት መትቶ አላለቀሰለትም ነበር። ካህኑ ጸሎት አድርገው ዳቦው ከተቆረሰ በኋላ፣ ጋሽ ሰይፈሥላሴ እንዲናገሩ ተጋበዙ። ሰዉ የሚመጣበትን ስላወቀ ወንበሩን አመቻቸ።

«እኔ አላውቀውም» አሉ። «የምታውቀው እሷ ናት።» ተቀመጡ።

ወይዘሮ ኤልፍነሽ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ተናገሩ። ባለቤታቸው መሀል ላይ ሊያርሟቸው ሁለት ጊዜ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሁለቱንም ጊዜ ዳቦ ጎረሱበት።