ደረቅ ነው ያልኩት ጎማ

የፍሬን ዘይት ሽታ ታውቂያለሽ? የሞተር ዘይት አይደለም፣ ቤንዚንም አይደለም። በጣት ሲነካ ቀጠን ይላል፣ ሽታው ትንሽ ዓሣ ዓሣ ይልና ጉሮሮ ላይ ይቀራል። እጅሽን ብትታጠቢም ቶሎ አይለቅም።

ባለፈው መስከረም፣ መስቀል አራት ቀን ሲቀረው፣ ወልቂጤ ቤቴ ደጃፍ ላይ መኪናዬን ከማስነሳቴ በፊት ተንበርክኬ የኋላውን ጎማ በውስጥ በኩል ስዳብስ ጣቴ እርጥብ ሆኖ ወጣ። አሸተትኩት። እሱው ነው። እዚያው መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ። ፍሬኑ አይደለም ያስደነገጠኝ፣ ፍሬን ይጠገናል። የደነገጥኩት ወንድሜ ከኋላዬ ቆሞ ስለነበር ነው።

እንግዲህ ስሚኝ። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ያኔ ቤታችን አገና ነበር። አባቴ አንዲት አሮጌ ሰማያዊ ፒካፕ ነበረችው፤ ከእሱ በፊት ስንት ሰው እንደነዳት እግዜር ይወቀው። ድንች ጭኖ ወልቂጤ ያወርድባታል፣ ሲመለስ የሱቅ ዕቃ ያመጣባታል። የቀኝ በሯ ከውጭ ካልሆነ አይከፈትም። ጋቢናዋ የድንች አፈርና የአባቴ ካፖርት ይሸታል። እኔ ያቺን መኪና እንዴት እንደምወዳት! ገና ዳገቱ ላይ ማርሽ ስትቀይር ድምፅዋን ለይቼ የግቢውን በር ልከፍት የምሮጠው እኔ ነበርኩ። አባቴ ኮፈኑን ሲከፍት ባትሪ የማበራለትም እኔ። አንድ ቀን የፍሬን ዘይት የነካ ጣቱን አፍንጫዬ ሥር አስጠግቶ፣ "ይቺን ሽታ ጎማ ላይ ካሸተትሽ መኪናዋ አትነቃነቅም፣ ገባሽ?" አለኝ። ገብቶኝ ነበር።

ታዲያ መንዳት ማንን ያስተማረ ይመስልሻል? ወንድሜን! በሁለት ዓመት የምበልጠውን ወንድሜን! እኔ አሥራ ዘጠኝ፣ እሱ አሥራ ሰባት። እናቴ አንድ ቀን፣ "ትልቋ እያለች?" ብትለው፣ "እሷማ የሰው ናት፣ አስተምሬ ለማን ቤት ልሰጣት ነው?" አላት። ጓዳ ሆኜ ሰማሁት። በእጄ ሳህን ይዤ ነበር። አልሰበርኩትም፣ መስበሩ ግን አምሮኝ ነበር።

ክረምቱን ሙሉ ከቤታችን ፊት ለፊት ባለው ጀፎረ፣ በሁለት ረድፍ ቤቶች መሐል በተዘረጋው ሰፊ ሣር ላይ፣ አስነዳው። የሰፈሩ ልጆች አጥር ላይ ተሰቅለው ያያሉ። እኔም ልብስ እያሰጣሁ አያለሁ። ሞተሩ ሲጠፋበት ደስ ይለኛል። ኧረ እንዲያውም በጣም ነው ደስ የሚለኝ! ሳያጠፋ የተነሳ ቀን ደግሞ አንጀቴ ቅጥል ይላል። ከዚያ መኝታዬ ጋ ገብቼ ሦስት ጫማ መሬት ላይ እደረድርና ፍሪሲዮን፣ ፍሬን፣ ነዳጅ እያልኩ እረግጣለሁ።

የባሰው ደግሞ ደግነቱ ነው። ክፉ ቢሆንማ በተገላገልኩ። ምሳ ላይ አጠገቤ ይቀመጥና አባቴ ያስተማረውን ሁሉ ይነግረኛል። "ቁልቁለት ላይ ፍሬን ብቻ አትመኚ፣ ቀደም ብለሽ ማርሽ ቀንሺ፣ እሺ?" ይለኛል። ያለውን የሚያካፍለኝ አልመሰለኝም፤ የሌለኝን የሚቆጥርልኝ ነበር የሚመስለኝ። "እሺ፣ እሺ፣ ሰማሁ" ብዬ እነሳለሁ።

አባቴ ለሚነዳ ሰው አንድ ሕግ ነበረው። ጠዋት መኪናዋ ከመነሳቷ በፊት ነጂው ራሱ ተንበርክኮ አራቱንም ጎማ በውስጥ በኩል በእጁ ይዳብሳል። ሌላ ሰው አይልክም። ዝናብም ቢሆን፣ በዓልም ቢሆን።

ወንድሜ ድንች ጭኖ ወደ ወልቂጤ በነዳበት በዚያ ቀን መስቀል አንድ ሳምንት ያህል ቀርቶት ነበር። ከአዲስ አበባ የሚገባው ሰው መንገዱን ሞልቶታል። አጎታችን ለወንድሜ ነጭ ሸሚዝና ዓመድማ ሱሪ ልኮለት ነበር፣ ለእኔ ሻሽ። ወንድሜ ወልቂጤ ሰው ይየኝ ብሎ በዓሉ ሳይደርስ ለበሰው። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ግቢው ጭቃ ሆኗል። አባቴ ጆንያዎቹን በገመድ ያጠብቃል። ወንድሜ ሱሪውን በሁለት ጣቱ ሳብ አድርጎ አሳየኝና፣ "እህቴ፣ አንቺ እይልኝ በሞቴ" አለኝ ቀስ ብሎ።

ተንበረከኩ። ሦስቱ ደረቅ ናቸው። የኋላው ግራ እርጥብ ነበር። ውሃ መስሎኝ ጣቴን አሸተትኩ። ውሃ አይደለም። ጣቴን ቀሚሴ ላይ ጠረግኩ።

"ምንም የለም?"

"ምንም የለም፣ ደረቅ ነው" አልኩት።

እንዲሞት ፈልጌ አይደለም! በማርያም፣ እንዲያ እንዳታስቢ። ፍሬኑ ትንሽ ይለሰልስበታል፣ አባቴ ይቆጣዋል፣ "ውረድ!" ይለዋል ብዬ ነው። በቃ፣ ያቺን "ውረድ" በጆሮዬ መስማት ነው የፈለግኩት። እኔም አብሬ ተሳፈርኩ እኮ። አባቴ መሐል ገብቶ ሲቀመጥ ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። ወንድሜ ሞተሩን ባንዴ አስነሳው። አባቴ ሳቅ ብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። እኔን አንድም ቀን እንደዚያ መታ አድርጎኝ አያውቅም። አፌን ዘጋሁ።

ከአገና ወጥተን የመጀመሪያዋን ቁልቁለት በደህና ወረድን። ፀሐይ ወጥታ እርጥቡ መንገድ ይተናል። ወንድሜ ያፏጫል። ሁለተኛዋ ቁልቁለት ላይ ፉጨቱ ተቋረጠ።

"አባባ፣ አልያዘም።"

"ምኑ?"

"ፍሬኑ። ወለሉን ነካ።"

"ደጋግመህ ርገጥ! ደጋግመህ!"

ረገጠ፣ ረገጠ፣ ምንም የለም። "ማርሽ ቀንስ!" ሦስተኛ አስገባ፣ ሁለተኛ አስገባ። ሞተሩ ጮኸ፣ ሁላችንም ወደፊት ተወረወርን፣ መኪናዋ ትንሽ ያዝ አለች። ግን ያ ሁሉ ድንች ከኋላ ይገፋል። አባቴ የእጅ ፍሬኑን ሳበው፤ የተቃጠለ ነገር ሸተተን እንጂ ለውጥ አልነበረውም። ከፊታችን ገበያተኛው መንገዱን ሞልቶታል። ቅቤ የተሸከሙ ሴቶች ነበሩ፣ ሁለት ሰዎች አንድ ሰንጋ በገመድ ይስባሉ። ወንድሜ ክላክሱን ተጫነውና አልለቅ አለ። እኔ ያኔ "ዘይቱ! እኔ አይቼው ነበር!" ብዬ ጮህኩ። ክላክሱ ዋጠው። ማንም አልሰማኝም።

በግራ ገደል ነው። በቀኝ የአንድ ቤት የእንሰት ማሳ አለ። ወንድሜ መሪውን ወደ ቀኝ አዞረው።

እንሰት ውስጡ ውሃ ነው። የበቀለበት አፈርም ዓመት ከዓመት ፍግ ሲበላ የኖረ፣ እግር የሚውጥ ለስላሳ አፈር ነው። ይህን የኛ አገር ልጅ ሁሉ ያውቃል። አንዱ እግር እንሰት የአንዲት ሴት የስንት ዓመት ድካም እንደሆነም ያውቃል፣ ስለዚህ እንኳን በመኪና በእግሩም አይረግጠውም። አጥሩን ጥሰን ገባን። ግንዱ እየተሰበረ ቧ፣ ቧ ይላል። ቅጠሉ መስታወቱን ሸፈነውና ጋቢናው ውስጥ ሁሉ ነገር አረንጓዴ ሆነ፤ የአባቴ ፊት፣ የወንድሜ እጅ፣ የኔ ጉልበት። ከዚያ ጎማው አፈሩ ውስጥ ሰመጠና ቆምን።

ጸጥ አለ። ከተቀደደ ጆንያ የወጣ ድንች የጋቢናው ጣሪያ ላይ አንድ አንድ እያለ ይንከባለላል። የተቀጠቀጠ እንሰት ሽታ ገባ። አባቴ ቀኝ እጁን አቅፎ ያቃስታል። ወንድሜ መሪውን እንደጨበጠ ነው፣ ነጩ ሸሚዙ ላይ አንዲት ጠብታ ጭቃ እንኳ አልነበረበትም።

በእኔ በኩል ያለውን በር ከውጭ የከፈቱልኝ የማሳው ባለቤት ናቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ እናት። "ስንት ናችሁ? ሁላችሁም አላችሁ ወይ?" አሉ በአገራችን ቋንቋ። ሦስታችንንም በእጃቸው እየነኩ ካረጋገጡ በኋላ ነው ዞር ብለው ማሳቸውን ያዩት። ለመስቀል ለቡላ ሊፍቁት የደረሰው እንሰት ሁሉ ተኝቷል። እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑና መሬት ላይ ተቀመጡ።

ሰው ተሰበሰበ። የአባቴን የተሰበረ እጅ በነጠላ አሰሩለት። በዚያ ሁሉ ሰው መሐል አባቴ ወንድሜን ጠየቀው።

"ጠዋት ጎማውን ዳብሰሃል?"

ወንድሜ አየኝ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ወዲያው ዓይኑን መለሰ።

"አልዳበስኩም፣ አባባ።"

"ለምን?"

"ሱሪዬ እንዳይቆሽሽ ብዬ።"

አባቴ በደህናው እጁ ሊመታው አነሳና ተወው። "ሁለተኛ መሪ አትነካም" አለው። ከዚያ እኔን በአገጩ እያሳየ ለተሰበሰበው ሰው፣ "ይቺ ብታየው ኖሮ ታገኘው ነበር" አለ።

ይታይሽ! በሰው ፊት እንዲያ እንዲያመሰግነኝ ስንት ዓመት ስመኝ የኖርኩት እኮ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። "አባባ፣ እኔ ነኝ" ማለት ሦስት ቃል ነው። ሦስቱንም አጣኋቸው።

የአባቴ እጅ በወጌሻ ታሽቶም ቶሎ አልጠገነም። ድንቹ ደግሞ ይበሰብሳል እንጂ አይጠብቅም። መኪናዋ እንደተሠራች ቁልፉን ወረወረልኝና "ነይ፣ ቁጭ በይ" አለኝ። ባንዴ አስነሳኋት። "አላልኩም?" አለ አባቴ። ትከሻዬንም መታ መታ አደረገኝ። ደስ አለኝ ብልሽ ትሰድቢኛለሽ፣ ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

የአገር ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ እንሰቱን ያፈረሰው ልጅ ራሱ ይተክለዋል አሉ። ወንድሜም በየዓመቱ በተከላ ወቅት ከኛ ጓሮ ችግኝ ተሸክሞ በእግሩ ይወርዳል፣ ይቆፍራል፣ ያዛውራል፣ ፍግ ይበትናል። እኔ በመኪና ሳልፍ ክላክስ አደርጋለሁ። እሱ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ከእንሰቱ መሐል እጁን ያውለበልብልኛል። እኚያ እናት ልጄ ብለው ያዙት። ለጋ ቅቤ የሚቀመጥለት ለእሱ፣ ክትፎው ለእሱ፣ ምርቃቱ ለእሱ! ታምኚኛለሽ፣ በዚያም ቀናሁ። የኔን ጥፋት ተሸክሞ በሚበላው ክትፎ ቀናሁ። አይ የኔ ነገር!

ከጥቂት ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ገባ፣ ጨርቃ ጨርቅ ይነግዳል፣ ሞላለት። መኪና ግን አልገዛም። ጓደኞቹ ሲጠይቁት "ታክሲ እያለ መኪና ምን ያደርግልኛል?" ይላል። አባቴ እስኪሞት ድረስ ስለዚያ ቀን ዳግም አልጠየቀውም፣ ወንድሜም አላነሳበትም። በየመስቀሉ በአውቶብስ ወልቂጤ ይመጣል፣ ከዚያ እኔ በአሮጌ መኪናዬ ወደ አገና አወጣዋለሁ።

እና ዘንድሮ፣ ተንበርክኬ እንዳለሁ፣ ከኋላዬ ጠየቀኝ።

"ምንም የለም?"

ድምፁ አልተለወጠም። ፀጉሩ ሸብቷል፣ ድምፁ ግን ያው ነው።

"አለ" አልኩት። "እርጥብ ነው።"

ጣቴን ወደ እሱ ዘረጋሁ። ጎንበስ ብሎ አሸተተውና መሐረቡን አውጥቶ ጠረገልኝ። "ያን ቀን ቀሚስሽ ላይ ነበር የጠረግሽው" አለኝ።

አቤት! "አየኸኝ?"

"አየሁሽ። ጭቃ መስሎኝ ነበር። እንሰቱ ውስጥ ሆነን ነው የገባኝ።"

"ታዲያ ለምን ለአባባ አልነገርከውም?" አልኩት። እያለቀስኩ ነበር።

"ብነግረው ሁለታችንንም አያስነዳንም ነበር። እጁ ተሰብሮ ነበር። አንዳችን መንዳት ነበረብን።" መሐረቡን አጣጠፈው። "አንቺ ደግሞ መንዳቱን በጣም ትወጂው ነበር።"

"አንተስ?"

"እኔማ..." አለና መኪናዋን አየት አደረጋት። ከዚያ "በይ መካኒክ ጥሪ፣ ሳይመሽ እንድረስ" አለኝ።

ከሰዓት ተሠርቶ አለቀ። ቁልፉን ዘረጋሁለት። እጁ ትንሽ ሊነሳ አለና ኪሱ ውስጥ ገባ። "እግሬ ረስቶታል፣ ተይኝ" ብሎ በሌላው በር ዞሮ ገባ።

መስቀልን አገና ውለን ስንመለስ በዚያው ቁልቁለት ወረድን። እኚያ እናት ካረፉ ቆይተዋል። የተከለላቸው እንሰት ግን ልጅ የልጅ ልጅ አፍርቶ አጥሩን አልፎ ይታያል። መታጠፊያው ጋ ስንደርስ ወንድሜን ሰርቄ አየሁት። ወደ እንሰቱ አልዞረም፣ ቀጥ ብሎ መንገዱን ያያል። ቀኝ እግሩ ግን ፍሬን ያለበት ይመስል የመኪናዬን ወለል ጥብቅ አድርጎ ይረግጥ ነበር።

ቀደም ብዬ ማርሽ ቀነስኩለት።